ብርሃን የማይበላው ቀለም፦ የሠዓሊ ቁሳቁስ ከአፈር እስከ አክሪሊክ

(ምስል፦ በአዳማ አውራ ጎዳና ዳር የተሰቀሉ የቆዩ ታፔላዎች)

በአዳማ ለዓመታት ፀሐይ የመታቸውን ታፔላዎች ስንመለከት፣ ብዙውን ጊዜ ቀዩ ጽሑፍ ፈዞ ሮዝ ሲመስል ሰማያዊውና ጥቁሩ ግን ብዙም ሳይለወጡ እናገኛቸዋለን። ከተማዋ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ብትሆንም ከባሕር ጠለል በላይ ያላት ከፍታ ከ1,600 ሜትር ስለሚበልጥ፣ የሚያርፍባት የአልትራቫዮሌት ጨረር ብርቱ ነው፤ ይህ ጨረር ደግሞ የአንዳንድ ቀለማትን ሞለኪውል ይሰባብራል። የሠዓሊን ቁሳቁስ ታሪክ ስንተርክ ስለ ድምቀት አብዝተን እናወራለን፤ ይበልጥ ሊያሳስበን የሚገባው ግን ቀለሙ ከተቀባ በኋላ ምን ያህል ይቆያል የሚለው ነው።

(ምስል፦ ቀይና ቢጫ አፈር፣ የድንጋይ ወፍጮ)

ከሁሉ ቀዳሚውና ከሁሉ ጽኑው ቀለም ቀይና ቢጫ አፈር ነው። በድሬዳዋ አቅራቢያ በሚገኘው የፖርክ ኤፒክ ዋሻ ከ4,000 በላይ የዚህ አፈር ቁርጥራጮች ከነመፍጫ ድንጋዮቻቸው የተገኙ ሲሆን፣ ዕድሜያቸው ወደ 40,000 ዓመት ይገመታል። ቀለሙን የሚሰጠው የብረት ኦክሳይድ ሲሆን፣ ዝገት ከዚህ በላይ ሊዝግ ስለማይችል ፀሐይም ዝናብም እምብዛም አይለውጡትም።

የአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊያን በአፈር ቀለም ብቻ አልተወሰኑም። በጥንታዊ ሥዕሎቻችን ላይ በተደረጉ ምርመራዎች ቀዩ ከሜርኩሪ ማዕድን፣ ቢጫው ከአርሰኒክ ማዕድን፣ ሰማያዊው ኢንዲጎ ከሚባል የተክል ቀለም ተሠርቶ ተገኝቷል። የእንጨት ገበታው በጀሶና ከእንስሳ በተሠራ ሙጫ ተለስኖ ከተዘጋጀ በኋላ ሥዕሉ ይሣልበት ነበር፤ የግድግዳ ሥዕል ደግሞ በጥጥ ጨርቅ ላይ እየተሣለ ይለጠፍ ነበር።

(ምስል፦ ሰማያዊ ድንጋይ፣ ቀጥሎም ሰማያዊ ዱቄት)

በአውሮፓ እጅግ ውድ የነበረው ሰማያዊ ከአፍጋኒስታኑ ባዳክሻን ተራሮች የሚወጣው የላፒስ ላዙሊ ድንጋይ ነበር። ድንጋዩ ዝም ብሎ ቢፈጭ ካልሳይት የተባለው ነጭ ማዕድን ስለሚቀላቀልበት ግራጫ ዱቄት ብቻ ይወጣዋል። ስለዚህ ባለሙያው ዱቄቱን ከሰም፣ ከዛፍ ሙጫና ከዘይት ጋር አንድ ላይ እንደ ሊጥ ያቦካውና ለቀናት ያሳድረዋል፤ ከዚያም በአመድ ውኃ ውስጥ ደጋግሞ ሲያሸው ሰማያዊው እየተለየ ወደ ታች ሲዘቅጥ፣ ቆሻሻው በሰሙ ውስጥ ይቀራል። መጀመሪያ የሚወጣው ከሁሉ ጥሩው ነው። ይህን ያህል ድካም ያለበት ቀለም ለማርያም ካባ መመረጡ የሚያስደንቅ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1824 አንድ የፈረንሳይ ማኅበር ይህንኑ ሰማያዊ በርካሽ ለሚሠራ ሰው 6,000 ፍራንክ ሽልማት አቀረበ፤ በ1828 ዣን ባፕቲስት ጊሜ ተሸለመ። የሸክላ አፈር፣ ሶዳና ድኝ በምድጃ ተቃጥለው የተራራው ድንጋይ የሚሰጠውን ቀለም ሰጡ። በየቤቱ ነጭ ልብስ ለማንጣት ያገለግል የነበረው ሰማያዊ ዱቄትም ይኸው በምድጃ የተሠራ ቀለም ነው። ለእኔ በቀለም ታሪክ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ ለውጥ የለም፤ ርካሹ በብርሃን ፊት የሚያሳየው ጽናት ከውዱ አላነሰምና።

ሁሉም አዲስ ቀለም ግን እንዲህ አልታደለም። እ.ኤ.አ. ከ1856 ወዲህ ከድንጋይ ከሰል ቅጥራን የተሠሩ ቀለማት ውብ ነበሩ፤ ብዙዎቹ ግን ቶሎ ይደበዝዛሉ። ቪንሰንት ቫን ጎ በ1888 የሣለው የመኝታ ክፍሉ ግድግዳ መጀመሪያ ሐምራዊ ነበር፤ ቀዩ በብርሃን ስለጠፋ ዛሬ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። ጆን ጎፍ ራንድ በ1841 የፈለሰፈው የቆርቆሮ ቱቦ ሠዓሊውን ቀለም ከመፍጨት አሳረፈው፤ በዚያው መጠን ግን በቱቦው ውስጥ ምን እንዳለ ከማወቅ አራቀው።

(ምስል፦ በእንጨት ፍሬም ላይ የተወጠረ አቡጀዲ፣ የኮላ ጣሳ)

ዛሬ ብዙ ሠዓሊያን ሸራ ሲወደድባቸው አቡጀዲ በፍሬም ላይ ይወጥራሉ፤ በውኃ የቀጠነ ኮላ ቀብተው ያደርቁታል፤ ቀጥሎም ነጭ ፕላስቲክ ቀለም ሁለት ጊዜ ደርበው በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሱታል። በመርፌ ቀዳዳ ያህል ክፍተት ቢቀር የዘይት ቀለሙ ዘይት ወደ ጥጡ ዘልቆ ጨርቁን ቀስ በቀስ ያሳርረዋል፤ ስለዚህ ጨርቁን ወደ ብርሃን አንሥቶ ማየት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የተስፋፋው በውኃ የሚቀጥን አክሪሊክ ቀለም ይህ ችግር የለበትም፤ ቶሎ ይደርቃል፣ በቀላሉ አይሰነጠቅም። ሆኖም በሙቀት ስለሚለሰልስ፣ እንደ አዳማ ሙቀትና ነፋስ በበዛበት ከተማ አቧራ ይዞ ያስቀራል፤ በመስኮት አጠገብ ባይሰቀል ይመረጣል።

በቱቦው ጀርባ በትንሹ የተጻፈውን ማንበብ ከሻጩ ምክር ይበልጣል። «ፒቢ 29» (PB 29) የሚል የቀለም መለያ ካለበት ቀለሙ የጊሜ ሰማያዊ ነው። መለያ የሌለው ቀለም ከተገዛ ደግሞ በራስ መሞከር ይቻላል፦ በወፍራም ወረቀት ላይ ቀለሙን ቀብቶ፣ ግማሹን በጥቁር ካርቶን ሸፍኖ፣ ዝናብ በማይደርስበት ግን ፀሐይ በደንብ በሚያገኘው ቦታ ከበጋው መግቢያ እስከ መውጫው ማቆየት ነው። ካርቶኑ ሲነሣ በሁለቱ ግማሾች መካከል መስመር ከታየ፣ ያ ቀለም ለልምምድ እንጂ ለሚሸጥ ሥዕል አይሆንም።