«ኧርል»፦ ከአገር ገዥነት እስከ ማዕረግ ስም

ክቡራትና ክቡራን፣

ዛሬ የምናገረው «ኧርል» ስለተባለው የእንግሊዝ መሳፍንት ማዕረግ ነው፤ ዓመታቱን የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በዛሬዋ ብሪታንያ ኧርል ከዱክና ከማርኲስ በታች፣ ከቫይካውንትና ከባሮን በላይ ስለሚቆም ጥንትም መካከለኛ ሹም የነበረ ይመስላል። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም፤ ኤድዋርድ ሦስተኛ በ1337 ልጁን የኮርንዎል ዱክ እስካደረገበት ጊዜ ድረስ ከንጉሡ ቀጥሎ የሚጠራው ኧርል ነበር።

ቃሉ ሲነሣ የሹመት ስም እንኳ አልነበረም። በጥንታዊው የኬንት ሕግ «ኤዮርል» የተከበረ ዘር ያለው ሰው ሲሆን፣ «ቼዮርል» ደግሞ ተራው ነጻ ገበሬ ነበር። ሁለተኛው ቃል ውሎ አድሮ፣ በእኛ ከተሜ አንደበት «ባላገር» እንደደረሰበት ሁሉ፣ መሰደቢያ ሆኖ ቀረ። የመጀመሪያውን ከፍ ያደረጉት ዴንማርኮች ናቸው፤ ክኑት በ1016 እንግሊዝን ከያዘ በኋላ፣ የሰሜን ሰዎች አለቃቸውን የሚጠሩበት «ያርል» በነባሩ ቃል ላይ ትርጉሙን አሳረፈበትና ሰፊ ግዛት የሚያስተዳድር ሹም ኧርል ተባለ። የደቡብ እንግሊዝ ግዛት የሆነችው የዌሴክስ ኧርል ጎድዊን ሥልጣኑ ከመጠን በላይ ስለገነነ፣ ልጁ ሃሮልድ በ1066 ዘውድ እስከመጫን ደረሰ፤ በዚያው ዓመት በሄስቲንግስ ጦርነት ወደቀ እንጂ።

በሄስቲንግስ ድል ያደረገው፣ ከሰሜን ፈረንሳይ የመጡት የኖርማኖች መሪ ዊልያም ከዚህ የተማረ ይመስለኛል። ሰፋፊዎቹን ግዛቶች ከፋፈለ፣ የየአውራጃው አስተዳደርም በንጉሡ ሹም በሸሪፍ እጅ ገባ፤ ለብዙ ኧርሎች የቀረላቸው ከአውራጃው ፍርድ ቤት ገቢ ሲሶው ነበር። ኖርማኖች በራሳቸው ቋንቋ «ኮንት» ቢሉትም ስሙ አልተለወጠም። ይሁን እንጂ ኧርል የሴት አጠራር ስላልነበረው፣ ሚስቱ እስከ ዛሬ በፈረንሳይኛው ዘር «ካውንቴስ» ትባላለች፤ በአንድ ቤት ባልና ሚስት በሁለት ቋንቋ መጠራታቸው ነው።

በሃያኛው መቶ ዘመን ማዕረጉ ለተሰናበቱ ጠቅላይ ሚኒስትሮች የሚሰጥ ክብር ሆነ። ጣልያን አገራችንን በወረረችበት ጊዜ በመንግሥታት ማኅበር የብሪታንያን ጉዳይ ይዞ የነበረው፣ ኋላም ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው አንቶኒ ኤደን በ1961 የኤቨን ኧርል ተብሏል። የንግሥት ኤልሳቤጥ የመጨረሻ ልጅ ልዑል ኤድዋርድ በ1999 ሲያገባ የጎድዊንን የዌሴክስ ማዕረግ ተቀበለ፤ ዌሴክስ ግን ዛሬ ገዥም ግብርም የላትም። እርሱ በ2023 የኤዲንብራ ዱክ ከሆነ ወዲህ በዚህ ስም የሚጠራው ልጁ ጄምስ ነው።

አመሰግናለሁ።