ዜማውን አውጣልኝ

እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለም፤ እኔና ማይኩ ብቻ ነን። ከኋላ ዝናብ ይሰማችሁ ይሆናል። ቆርቆሮ ጣራ ነው፣ ምን ላድርገው? ለዛሬው ወሬ ግን ሳይስማማ አይቀርም።

ከጥቂት ዓመት በፊት ለአንድ አጭር ፊልም ሙዚቃ ሥራ ተባልኩ። ሦስት ሳምንት ኪቦርዱ ላይ ተደፍቼ፣ በትዝታ ቅኝት አንድ ዜማ አወጣሁ። ኮርቼበት ነበር፣ አልዋሻችሁም። ዳይሬክተሩ ዓይኑን ጨፍኖ እስከ መጨረሻው ሰማና፣ "ወንድሜ፣ ዜማውን አውጣልኝ። ከሥር 'እምምም' የምትለዋን ብቻ ተዋት" አለኝ። እሷ እኮ ባዶ ቦታ ለመሙላት የጣልኳት ናት! ሁለት ቀን ስልኩን አላነሳሁለትም።

ኤድዋርድ አርቴሚየቭን በደንብ መስማት የጀመርኩት በዚያ የኩርፊያ ሰሞን ነው። በ1937 ኖቮሲቢርስክ ተወልዶ፣ ሞስኮ ኮንሰርቫቶሪ በሚባለው ከፍተኛ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተምሮ፣ በ2022 መጨረሻ ያረፈ ሩሲያዊ የፊልም ሙዚቃ ሠሪ ነው። ዓመታቱን በፈረንጆቹ ነው የምጠራው፣ እንዳንደናገር።

ይህን ሰው ዳይሬክተሩ አንድሬይ ታርኮቭስኪ "ሶላሪስ" ለሚለው ፊልሙ ሲያስጠራው ምን አለው መሰላችሁ? ኮምፖዘር አያስፈልገኝም። አርቴሚየቭ ራሱ በኋላ ያወራው ነው። ለዜማው የጥንቱ ጀርመናዊ የሙዚቃ ሊቅ ባህ አለልኝ፤ ካንተ የምፈልገው ጆሮህንና ድምፅ ላይ ያለህን እጅ ነው ማለቱ ነበር። ኮንሰርቫቶሪ ጨርሶ ለመጣ ሰው! እኔ ብሆን በሩን በርግጄ እወጣ ነበር።

እዚህ ላይ የራሳችን ቋንቋ ትዝ ይለኛል። እኛ ጋ "ዜማ ደራሲ" አለ፣ "አቀናባሪ" አለ። አንዱ ዜማውን ያወጣል፣ ሌላው ያለብሰዋል። የካሴት ሽፋን እያነበበ ያደገ ሰው ሁለቱን አያምታታም። ታርኮቭስኪ የፈለገው ሰው ግን ከሁለቱም አይደለም። የሚለበስ ገላ ሳይኖር ልብስ እንደመስፋት ያለ ሥራ ነው፤ ስም አላገኘሁለትም።

አርቴሚየቭ ለዚህ ሥራ እንግዳ አልነበረም። በ1960 ትምህርቱን እንደጨረሰ ዬቭጌኒ ሙርዚን የሚባል መሐንዲስ ያገኛል። ሙርዚን እንጀራው ሌላ ነው፤ ለራሱ ፍላጎት ግን ለዓመታት እየለፋ አንድ ሲንተሳይዘር፣ ድምፅ በኤሌክትሪክ የሚፈጥር ማሽን፣ ሠርቷል። ስሙን "አንስ" አለው፤ የሙዚቃ ሊቁ የአሌክሳንድር ኒኮላየቪች ስክርያቢን ስም መነሻ ፊደላት ናቸው። አሠራሩን ስሙልኝ፦ የመስታወት ሰሌዳ አለ፣ በማይደርቅ ጥቁር ቅባት የተቀባ። ቅባቱን እየፋቅህ ትሥላለህ። በፋቅኸው በኩል ብርሃን ያልፋል፣ ብርሃኑ ድምፅ ይሆናል። ከፍ አድርገህ ብትፍቅ ቀጭን፣ ዝቅ ብታደርግ ወፍራም። ፒያኖ በአንድ ኦክታቭ፣ ከዶ እስከ ቀጣዩ ዶ፣ ውስጥ 12 ድምፅ ሲኖረው፣ ይኼ 72 አለው። ኖታ የለም፣ ተጫዋችም የለም፤ ሙዚቃውን በእጅህ ትሥለዋለህ። "ሶላሪስ" ውስጥ ፕላኔቷን የሸፈነው ውቅያኖስ ሕይወት ያለው የሚመስለው አንድም በዚህ ማሽን ነው። የቀረው አንድ ብቻ ነው፣ ሞስኮ የሙዚቃ ሙዚየም ውስጥ ተቀምጧል።

"ስቶከር" በሚባለው ሌላው የታርኮቭስኪ ፊልም ላይ፣ በ1979፣ ነገሩ ይበልጥ ከረረ። አርቴሚየቭ መጀመሪያ ከመካከለኛው ዘመን የአውሮፓ ዜማ ወስዶ በምሥራቅ መሣሪያ አስጫወተና ቀዳ። ታርኮቭስኪ ሰማው፤ አይሆንም አለ። አያችሁ፣ እኔ ብቻ አይደለሁም! ከዚያ ከሕንድ ሙዚቃ ያንን የማይቋረጥ አንድ ድምፅ ተዋሰ፤ ከላዩ ታር የሚባለውን አንገተ ረጅም የክር መሣሪያና ዋሽንት አደረገ፣ በሲንተሳይዘር አሳለፈው። ያ ተስማማ።

ግን ከሁሉ የሚገርመኝ ሦስቱ ሰዎች በባቡር ሐዲድ ላይ በምትሄደው ትንሽ ጋሪ ዞን ወደሚባለው የተከለከለ ቦታ ሲገቡ ነው። ትዕይንቱ ረጅም ነው። የሚታየው ማጅራታቸውና ፊታቸው ነው፤ የሚሰማው ቋ፣ ቋ፣ ቋ የሚል የብረት ድምፅ። ቀስ እያለ ያ ብረት ብረት መሆኑን ይተዋል። መቼ ሙዚቃ እንደሆነ ለመያዝ ስንት ጊዜ ወደ ኋላ መለስኩት መሰላችሁ። አንድ ቀን እርሳስ ይዤ ሰዓቱን ልጽፍ ተቀመጥኩ። አልያዝኩትም።

አሁን ይህን የሰማ ሰው፣ አርቴሚየቭ ዜማ አይሆንለትም ሊል ይችላል። እንዴት ተደርጎ! ልክ በነዚያው ዓመታት፣ በ1974፣ ለዳይሬክተሩ ኒኪታ ሚኻልኮቭ የመጀመሪያ ትልቅ ፊልም ሙዚቃ ሠርቷል፤ የሩሲያ የእርስ በርስ ጦርነት ማግስት ታሪክ ነው። እዚያ ላይ መለከቱ የሚያወጣው ዜማ አንዴ ከሰማችሁት ሳምንት ሙሉ ከአፋችሁ አይወርድም። "ሳይቤሪያድ" አለ፣ "በፀሐይ የተቃጠሉ" አለ፤ አልዘረዝርም፣ ብዙ ነው። አንዱ ዳይሬክተር ዜማህን ደብቅ ሲለው፣ ሌላው አምጣ፣ ፊልሜን ይጎትትልኝ ይለዋል። እሱ ለሁለቱም እሺ ይላል። እንዲህ ያለ ሰው ቤቱ ሲገባ የቱን ያንጎራጉራል እያልኩ አስባለሁ።

መልሱ ምናልባት መድረኩ ላይ ነው። የዶስቶየቭስኪን "ወንጀልና ቅጣት" ሮክ ኦፔራ አድርጎታል። ሐሳቡ የተጠነሰሰው በ1970ዎቹ ከዳይሬክተሩ አንድሬይ ኮንቻሎቭስኪ ጋር ነው። ሙሉ ቅጂው የወጣው በ2007፣ ሞስኮ መድረክ ላይ የቆመው ደግሞ በ2016። ሰውየው 78 ዓመቱ ነበር! በመካከሉ ስንት ፊልም ሠርቶ አስረክቧል። እውነት ለመናገር ኦፔራው ሁሉም ቦታ አልጣመኝም፤ አንዳንዱ ጩኸት ይበዛበታል። ግን ኦርኬስትራው፣ ጊታሩ፣ የመንደር ዘፈኑ፣ ሌላ ቦታ አውጣ የተባለው ሁሉ እዚያ አለ። ማንም አውጣልኝ አላለውም።

የኔስ? በሦስተኛው ቀን ደወልኩ። "ይቅርታ፣ ኔትወርክ አልነበረም" አልኩት፣ አላመነኝም። አብረን ቁጭ ብለን ዜማውን ዘጋነው፤ "እምምም"ዋ ብቻ ቀረች። አንዲት እናት ጓሮ ልብስ የምታሰጣበት ትዕይንት ነበር። እውነቱን ልናገር፣ ያለ ዜማው ይበልጥ ያስለቅሳል።

ዜማውን ግን ዘጋሁት እንጂ አልሰረዝኩትም። ፋይሉ እዚሁ ኮምፒውተሬ ላይ አለ። አሁን ላሰማችሁ ነበር፣ ዝናቡ ባሰበት።