የማይታየው ብርሌ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት አመሻችሁ። ይቺን ብርሌ ይዤ ስገባ የሳቃችሁትን አይቻለሁ፣ ያለባት ውሃ ነው። ከጀርባዋ ሻማ ስታበሩ ነበልባሉ ይጣመማል፣ ትንሽ ስታንቀሳቅሷት ደግሞ ይለጠጣል። አሁን ብርሌዋ ራሷ አትታይም እንበል፣ የሚታያችሁ የተጣመመው ነበልባል ብቻ ነው፣ ከሱ ተነስታችሁ የብርሌዋን ቅርፅ ንገሩኝ ብላችሁስ? ዳርክ ማተር ማለት የማይታይ፣ በስበቱ ብቻ የሚታወቅ ቁስ ነው፣ ሃሎ ደግሞ ጋላክሲዎችን የከበበው የሱ ክምችት። የዳርክ ማተር ሃሎ ሞዴል መስራት በቃ ይሄ ነው።

ስበት ብርሃንን እንደሚያጎብጥ ከታወቀ ቆየ፣ በ1919 የፀሐይ ግርዶሽ ጊዜ እነ እንግሊዛዊው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ኤዲንግተን ለክተው አንስታይን ወዳለው 1.75 አርክ ሰከንድ (አንዱ አርክ ሰከንድ የዲግሪ 3600ኛ ነው) የቀረበ አገኙ። ፀሐይ ግን ቀላል ናት፣ የምትታይ ክብ ነገር ናት። ሃሎ ጋላክሲዎቹን ውጦ የተዘረጋ ነው፣ መሃሉ ጥቅጥቅ ብሎ ወደ ዳር እየሳሳ ይሄዳል፣ እዚህ ጋ አለቀ የምትሉት ጠርዝ የለውም። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ ለክላስተሩ፣ ማለትም ለጋላክሲዎቹ ስብስብ፣ ትልልቅ ሃሎ ይሰጡታል፣ ለየጋላክሲው ትንሽ ትንሽ ይጨምሩበታል፣ ከዛ ኮምፒውተሩ ከኋላ የሚመጣውን ብርሃን በዛ ያሳልፍና ከሀብል የህዋ ቴሌስኮፕ ፎቶ ጋር ይተያያል፣ ካልገጠመ ክብደቱንም ቅርፁንም እየነካኩ እንደገና ነው።

እውነት ለመናገር እኔ ይሄ ነገር አይዋጥልኝም ነበር፣ እስኪገጥም ድረስ ከነካካኸው ምኑን አወቅከው? ሀሳቤን ያስቀየረኝ ሱፐርኖቫ ሬፍስዳል የሚባል የኮከብ ፍንዳታ ነው።

በፈረንጆቹ ኖቬምበር 2014፣ ማክስ ጄ1149 የሚባል 5 ቢሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ የሚርቅ ክላስተር ውስጥ፣ ከኋላው የፈነዳ አንድ ኮከብ በአንዲት ጋላክሲ ዙሪያ አራት ቦታ ታየ። አራት ኮከብ አይደለም፣ አንዱ ነው አራት መንገድ የመጣው። ታዲያ ሞዴሎቹ ሌላም መንገድ አለ አሉ፣ ረዘም ያለ፣ ስበቱም ውስጥ ሲያልፍ ሰዓት ስለሚዘገይ በዚህኛው የሚመጣው ብርሃን ገና አልደረሰም። የተለያዩ ቡድኖች ለየብቻ አስልተው አስቀድመው ጻፉት፣ አብዛኞቹም ከ2015 መጨረሻ እስከ 2016 የመጀመሪያ ወራት ባለው ጊዜ እዚህ ቦታ ላይ ይታያል አሉ። ሀብል እየተመላለሰ ሲያይ ዲሴምበር 11 ቀን 2015 እዛው ቦታ ላይ ተገኘ። የሀበሻ ቀጠሮ አይደለም በሉት።

ይሄን ፎቶ እያየ የነካካ ሰው ሊያስመስለው አይችልም፣ ፎቶው ገና አልተነሳማ! ደግሞ የምትቆጨኝ አለች፣ እንደ ሞዴሎቹ ከሆነ ያው ፍንዳታ ከ2014 ከአስር ዓመት በላይ ቀደም ብሎ በሌላ በኩል ብቅ ብሎ ነበር፣ ያኔ ግን ማንም ልብ አላለውም።

በሉ መብራቱን አጥፉልኝ፣ ሻማው ይብራ፣ ብርሌዋ ከፊት ረድፍ ትጀምርና እያዞራችሁ እዩ፣ ጥያቄውን በጨለማው እንቀጥላለን።