ሞተሩ ሠርቶ ነበር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ እንደምን አመሻችሁ!

የፕሮግራም መሪያችን የኒውክሌር ሮኬትን ታሪክ ጠቅለል አድርገህ ንገረን ብሎኛል። እሞክራለሁ። ግን ባለፈው ስብሰባ፣ ሻይ ሰዓት ላይ፣ "እሱ እኮ ተሞክሮ የከሸፈ ነገር ነው" ተባለ። እስካሁን ያንገበግበኛል። የመጣሁትም ለእሱ መልስ ይዤ ነው።

እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1955 ሎስ አላሞስ በሚባለው የአሜሪካ የኒውክሌር ምርምር ማዕከል ውስጥ ሮቨር የሚባል የኒውክሌር ሮኬት ፕሮጀክት ተጀመረ። ሞተሩ ውስጥ የሚቃጠል ነገር የለም። ሃይድሮጅን በጋለ ሪአክተር፣ ማለትም በኒውክሌር ኃይል በሚግል እቶን፣ ውስጥ አልፎ በኋላ በኩል ይወነጨፋል። በዚህም ሮኬቱ ከያዘው ነዳጅ ከተለመደው ሮኬት እጥፍ የሚጠጋ ጥቅም ያገኛል።

ሙከራው ኔቫዳ በረሃ ላይ ነበር። የመጀመሪያዎቹን ሪአክተሮች መብረር በማትችል ወፍ ስም ኪዊ አሏቸው። መሬት ላይ ታስረው የሚሞከሩ ነበሩና። ችግር አልነበረም አልልም። በኅዳር 1962 አንዱ ኪዊ ኃይሉ ሲጨመር ውስጡ ተሰባብሮ ስብርባሪው ከጋለው ጋዝ ጋር በአፈሙዙ ወጣ። ከቀናት በኋላ ደግሞ ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ሊጎበኙ መጡ! መሐንዲሶቹ ምን ተሰምቷቸው ይሆን?

ግን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ሪአክተሩን ሳያስነሱ ጋዝ ብቻ እያሳለፉ ፈተሹት። ጥፋቱ የኒውክሌሩ ሳይሆን የጋዙ ፍሰት የፈጠረው ንዝረት ሆኖ ተገኘ። አስተካከሉት። በ1968 ፌበስ 2ኤ የሚባለው ሪአክተር ከ4,000 ሜጋዋት በላይ ኃይል ሰጠ። በ1969 የተሞከረው ኤክስኢ የሚባለው ሞተር ደግሞ 28 ጊዜ ተነሳ። ሃያ ስምንት ጊዜ!

ታዲያ የቱ ጋ ነው የከሸፈው? ንገሩኝ እስቲ!

በጥር 1973 ፕሮጀክቱ ተዘጋ። የአፖሎ የጨረቃ ጉዞ ካበቃ ገና አንድ ወር ነበር። ማርስ ለመሄድ ገንዘብ የሚመድብ ፖለቲከኛ ጠፋ። መኪናው ደህና ነው፤ ጉዞው ነው የቀረው። ይህንን "ከሸፈ" ማለት የነዚያን መሐንዲሶች ድካም መናቅ ነው!

በኒውክሌር ቦምብ ፍንዳታ እንዲገፋ ስለታሰበው ኦራዮን ስለሚባለው መንኮራኩር ካልነገርከን የምትሉም አላችሁ። የፊዚክስ ሊቃውንቱ ቴድ ቴይለርና ፍሪማን ዳይሰን ደክመውበታል። በ1959 ትንሽ ሞዴል በተራ ፈንጂ ወደ ላይ ወጥቶላቸዋል። የ1963ቱ የኒውክሌር ሙከራ እገዳ ስምምነት መንገዱን ዘጋው። እሱስ ይዘጋ፤ አይቆጨኝም።

በ2023 ናሳና የአሜሪካ መከላከያ የምርምር ተቋም ዳርፓ ድራኮ የሚባል የኒውክሌር ሮኬት በ2027 ሕዋ ላይ እንሞክራለን አሉ። በ2025 ተሰረዘ። አሁንም ሳይበር!

ስለ ጨረሩ የምትጠይቁኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ያኔ ከሞተሩ የሚወጣውን ጋዝ በቀጥታ ወደ ሰማይ ነበር የሚለቁት፤ ዛሬ ያንን የሚፈቅድላቸው የለም። በውይይቱ ሰዓት እንነጋገርበታለን። አመሰግናለሁ።