አቃቂ፦ የከተማው ውኃ ሁሉ የሚወርድበት ሰፈር

[ምስል፦ ከእንጦጦ እስከ አባ ሳሙኤል የሚዘልቅ ካርታ]

አቃቂን ለማወቅ ከመሬቱ አቀማመጥ መጀመር ይሻላል። የእንጦጦ ጫፍ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ አቃቂ ሲደረስ ከፍታው ወደ 2,100 ሜትር ዝቅ ይላል። አዲስ አበባ ወደ ደቡብ ያዘነበለች ከተማ ናት። ወንዙም፣ ፍሳሹም፣ የከርሰ ምድር ውኃውም ወደዚያው ይሄዳል። አቃቂ ያገኘችውም የተጎዳችውም በዚህ ቁልቁለት ነው።

[ምስል፦ የድሮው ሐዲድ]

ከጅቡቲ የተነሣው ባቡር እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1915 ደግሞ አቃቂ ደረሰ። አዲስ አበባ ለመግባት የቀረው 23 ኪሎ ሜትር ብቻ ነበር፤ ሐዲዱ ዋና ከተማው የገባው ግን በ1917 ነው። በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ስፋት አንድ ሜትር ነበር። ዛሬ በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ ባቡር የሚጠቀምበት ሐዲድ 1,435 ሚሊ ሜትር ስለሆነ የድሮዎቹ ፉርጎዎች ሊሄዱበት አይችሉም።

ሐዲድ፣ ወንዝና ሜዳ አንድ ላይ ሲገኙ ፋብሪካ መምጣቱ አይቀርም። በህንድ ባለሀብቶች ተሳትፎ የተቋቋመው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አካባቢውን የሠራተኛ ሰፈር አደረገው። ጨርቅ ብዙ ውኃ ይበላል፦ ይነጣል፣ ይቀለማል፣ ደጋግሞ ይታጠባል። ፋብሪካውን ደርግ በ1967 ዓ.ም. ወረሰው፤ ኋላም የመለዋወጫና የእጅ መሣሪያ ፋብሪካ እዚያው አቃቂ ተከለ። በዚያ ብረት ይቀልጣል፣ በአሸዋ ቅርጽ ውስጥ ይፈሳል፣ ሲቀዘቅዝ በማሽን ይስተካከላል። የስኳር ፋብሪካ አንድ የማሽን ጥርስ ቢሰበርበት ከውጭ እስኪመጣ ሥራ እንዳይፈታ የታሰበ ነው፤ ትክክለኛ ሐሳብም ነበር።

[ምስል፦ የጉድጓድ ፓምፕ ቤት]

አሁን ወደ ውኃው። የአቃቂ ከርስ በእሳተ ገሞራ የተፈጠረ፣ የተሰነጣጠቀና ቀዳዳ የበዛበት ዓለት ነው። ከላይ የሰረገው ዝናብ እዚህ ይጠራቀማል። ከመቶ ሜትር በላይ ከሚጠልቁ ጉድጓዶች በፓምፕ ይወጣና ተመልሶ ወደ ከተማው ሽቅብ ይገፋል። ያለ መብራት አንድ ጠብታ አይወጣም። እቤትዎ መብራት እያለ ቧንቧው ሲደርቅ፣ መብራት የጠፋው አቃቂ ጉድጓዱ ዘንድ ሊሆን ይችላል። መብራቱ ከተመለሰ በኋላም ባዶው መስመርና ማጠራቀሚያው እስኪሞላ ስለሚቆይ፣ ከፍታ ላይ ያሉ ሰፈሮች ውኃ የሚያገኙት ዘግይተው ነው።

[ምስል፦ የወንዝ ዳር የአትክልት ማሳ]

ወንዙ ግን የሚመጣው ከተማውን አጥቦ ነው። የቃሊቲው ማጣሪያ ታድሶ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ ፍሳሽ እንዲቀበል ተደርጓል፤ ሆኖም ማጣሪያው የሚያጣራው በመስመር የደረሰለትን ብቻ ነው። በየቦዩ በቀጥታ ወደ ወንዝ የሚለቀቀው አይነካውም። ቆዳ ፋብሪካዎች ቆዳ የሚያለፉበት ክሮሚየም የተባለ ብረትም ወንዙ ውስጥ አለ። በዚያ ውኃ የሚበቅሉት ቆስጣና ሰላጣ ብረቱን በሥሮቻቸው ይስቡታል። በኮምጣጤ ማጠብ ከላይ ያለውን ጀርም ይቀንሳል፤ ቅጠሉ ውስጥ የገባውን ብረት ግን አያወጣም። ጥፋቱ የገበሬው አይደለም፤ ከላይ ያለነው የለቀቅነውን ነው የሚያጠጣው።

[ምስል፦ የአባ ሳሙኤል ግድብ]

ትልቁና ትንሹ አቃቂ የሚገናኙት አባ ሳሙኤል ላይ ነው። እዚያ ያለው የሀገሪቱ ቀደምት የውኃ ኃይል ማመንጫ ለአሥርት ዓመታት ቆሞ ኖሮ በ2009 ዓ.ም. በቻይና ድጋፍ ታድሶ ሥራ ጀመረ፤ አቅሙ 6.6 ሜጋ ዋት ነው። ሐይቁን ግን ደለልና እምቦጭ ይዘውታል። ደለሉ ውኃ የሚያዝበትን ቦታ ያጠባል፤ እምቦጩ ደግሞ ከከተማው ፍሳሽ በሚመጣው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ይፋፋል። በእጅም ሆነ በማሽን ቢነቀል፣ ምግቡ ከላይ መውረዱን እስካላቆመ ድረስ ተመልሶ ይሸፍነዋል።