ሞተሩ አልጋ ስር ነው፦ የናፍጣ ሞተር ሆም ዳገት ላይ ለምን ይሞቃል?

[ጨለማ። የእጅ ባትሪ ብርሃን ብቻ።]

ይሄ የምታዩት ጥቁር ነገር ምንጣፍ አይደለም። የሞተር ሆሜ፣ ያው ቤት የሆነው መኪናዬ፣ ራዲያተር ነው፤ የሞተሩን ውሃ በአየር የሚያቀዘቅዘው።

ሰላም ነው? ትልልቆቹ የአሜሪካ የናፍጣ ሞተር ሆሞች ሞተራቸው እንደ አውቶብስ ከኋላ ነው። እሱን ለማየት አልጋውን ታነሳላችሁ። አዎ፣ የምንተኛው ሞተር ላይ ነው፤ ባለቤቴ እስካሁን አልለመደችውም።

ሜዳ ላይ ምንም የለበትም። ከዴንቨር በአይ-70 አውራ ጎዳና ወደ አይዘንሃወር ዋሻ ስወጣ ግን፣ ዋሻው 3,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፣ የሙቀት ጌጁ ቀስ እያለ ከ90 ዲግሪ ተነስቶ 100ን አለፈ። በድሮ አውቶብስ የዓባይን በረሃ የወጣ ሰው ያንን ሽታ ያውቀዋል። መካኒኩ የውሃ ፓምፑና ቴርሞስታቱ ይቀየር አለኝ። ተቀየረ፣ ከፈልኩ። እንደገና ወጣሁ። ሞቀ!

ዳገት ላይ ብቻ፣ ያውም ቀስ እያለ የሚሞቅ ከሆነ መጀመሪያ በራዲያተሩ የሚያልፈውን አየር ጠርጥሩ። ውሃው እየጎደለ፣ ጭሱም ነጭ ሆኖ ጣፋጭ የሚሸት ከሆነ ግን ሌላ በሽታ ነው፤ የቴስታታ ጓርኒሲዮን፣ ማለትም የሞተሩ ራስ ማሸጊያ፣ ሊሆን ይችላል።

[ካሜራው ወደ ቱቦዋ ይጠጋል።]

ይቺን ቱቦ አያችኋት? የሞተሩ መተንፈሻ ናት። ከትንፋሹ ጋር የዘይት ጉም ይወጣል፣ ፋኑ ጉሙን ይዞ ራዲያተሩ ላይ ይለጥፈዋል፣ ጎማው ያነሳው አቧራ ደግሞ መጥቶ እዚያው ዘይት ላይ ይጋገርና የአየሩን መንገድ ይዘጋል። ከውጭ ስታዩት ንጹህ ነው። ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው፤ ቆሻሻው ያለው በውስጥ፣ በፋኑ በኩል ነው።

[ጥቁር ውሃ ይወርዳል።]

ሞተሩ ይቀዝቅዝ፣ ቁልፉን አውጡ። ዘይት የሚያሟሟ ሳሙና በፋኑ በኩል ርጩበትና ትንሽ ተዉት፣ ከዚያ በአትክልት ማጠጫ ጎማ ከሁለቱም በኩል እጠቡት። ኃይለኛ ግፊት ያለው ማጠቢያ ግን አደራ፣ ስስ ክንፎቹን ያጣምማቸዋል። እኔ ውሃው እስኪጠራ 4 ጊዜ ደጋገምኩት። ቱቦዋንም አስረዝሜ ከራዲያተሩ ጀርባ አወጣኋት፤ ብቻ ታጥፋ እንዳትታፈን፣ ከታፈነች ሞተሩ ዘይቱን በሌላ በኩል ማፍሰስ ይጀምራል።

መንገድ ላይ እያላችሁ ቢሞቅስ? ነዳጅ አትርገጡ። ማርሽ ቀንሱ፣ እግራችሁንም ቀለል አድርጉ። ሞተሩ ቶሎ ቶሎ ሲዞር ፋኑና የውሃ ፓምፑም አብረውት ይፈጥናሉ። ከኋላ ያለው ሰውዬ ጡሩምባውን ይንፋ።

[ዳሽቦርዱ። ያው ዳገት።]

አያችሁት? 93።