ይሄ ወንዝ ስንት ቦቴ ይወጣዋል?

ሰላም ለሁላችሁም። እንዴት ከረማችሁ? እኔ ደሴ ነኝ። ክረምቱ ገብቷል፣ ጦሳ ጉሙን እንደለበሰ ነው፣ ዝናቡም ቆርቆሮውን እየደበደበው ነው። ድምፁ ከገባባችሁ ይቅርታ። መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ሰቅያለሁ፣ ከዚህ የተሻለ ስቱዲዮ የለኝም። መብራት ሳይሄድ እንጀምር።

ግንቦት ላይ የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ መጥቶ ነበር። የአክስት ልጅ እላለሁ እንጂ ወንድሜ ነው። ኮምቦልቻ አንድ ግቢ ውስጥ ነው ያደግነው። ዋና የተማርነውም ቦርከና ላይ ነው፤ ተማርን ከተባለ። ልብሳችንን ድንጋይ ላይ አስቀምጠን እንገባለን። ስንወጣ ትልልቆቹ ልጆች ደብቀውታል። እሱን ለምነን አስመልሰን ቤት ስንደርስ ደግሞ ፀጉራችን ያጋልጠናል፣ ዱላው ይከተላል።

እና ከ11 ዓመት በኋላ ሲመጣ አክስቴ ቡና አፈላች፣ አቦል ጀባ ተባለ። ቶናውን እንኳን አልጠበቀም። "ተነስ፣ ወንዙን አሳየኝ" አለኝ። ሄድን። ድልድዩ ላይ ቆምን። ግንቦት ስለሆነ ውሃው ቀጥኗል፣ በድንጋዮቹ መሀል እየተሽሎከለከ ነው የሚሄደው። ብረቱን ተደግፎ ብዙ ቆየ። እንባ የተናነቀው መስሎኝ ነበር። ከዛ ዞር ብሎ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "ይሄ ስንት ቦቴ ይወጣዋል?"

ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም።

ሥራው ነበር ለካ። ፔንስልቬንያ በገባ በሁለተኛው ዓመት የጀመረው ሥራ ውሃ በቦቴ መጫን ነው። ውሃው የሚሄደው ወደ ጋዝ ጉድጓዶች ነው። እኔ በስልክ "ጋዝ ላይ ነው የምሠራው" ሲለኝ ነዳጅ የሚያመላልስ ነበር የሚመስለኝ። ጋዝ ለማውጣት ወንዝ መጫን እንደሚያስፈልግ ማን ያስባል?

ነገሩ እንዲህ ነው። እዛ ማርሴለስ የሚባል የድንጋይ ንጣፍ አለ፣ ሼል ይሉታል። ከመሬት በታች ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ ይወርዳል። ጋዙ እንደ ጉድጓድ ውሃ ተጠራቅሞ አይደለም የተቀመጠው፣ በድንጋዩ ውስጥ ተበትኖ ነው። ስለዚህ ወደ ታች ይቆፍራሉ፣ ከዛ መሰርሰሪያውን ወደ ጎን ያጥፉታል፣ በመጨረሻ ውሃና አሸዋ ከጥቂት ኬሚካል ጋር ቀላቅለው በኃይለኛ ግፊት ይለቁበታል። ድንጋዩ ይሰነጠቃል። አሸዋው ስንጥቁ ተመልሶ እንዳይገጥም ይይዘዋል። ጋዙ ይወጣል። ፍራኪንግ የሚባለው ይሄ ነው።

ለአንድ ጉድጓድ ከ15 እስከ 20 ሚሊዮን ሊትር ውሃ ይሄዳል። እኔ ሚሊዮን ሊትር አይገባኝም። የደሴ ሰው ውሃ የሚገባው በጀሪካን ነው። ስለዚህ አሰላሁት። 18 ሚሊዮን ሊትር ማለት ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን 900 ሺህ ጊዜ ነው። በፈረቃ ውሃ ለምንጠብቅ ሰዎች ይሄ ቁጥር ስድብ ነው የሚመስለው። በእሱ ቋንቋ ደግሞ ወደ 1000 ቦቴ ነው። ለአንድ ጉድጓድ! አሁን አሁን በቧንቧ የሚያመጡ ብዙ ናቸው፣ እሱ ሲጀምር ግን መንገዱ ሁሉ ቦቴ ነበር።

"ወንዙን መጀመሪያ ያቆሸሸው ጋዙ አይደለም፣ እኛ ነን" አለኝ። እኛ ያለው ሾፌሮቹን ነው። ለገበሬ ፒክአፕ የተሠራ የኮረት መንገድ ላይ ቀንና ሌሊት ቦቴ ሲመላለስበት ይፈጫል። ዝናብ ሲመጣ የተፈጨው ሁሉ ተጠርጎ ጅረት ውስጥ ይገባል። ጭቃው የወንዙ ወለል ላይ ሲተኛ፣ ትራውት የሚባለው ዓሣ በጠጠሮቹ መሀል የጣለውን እንቁላል ያፍነዋል። ኮምቦልቻ ሲኖትራክ አሸዋ ጭኖ ከወንዝ ሲወጣ ያያችሁ ሰዎች ይሄን ማስረዳት አያስፈልጋችሁም።

አሁን እዛ ወንዝ ላይ ጀልባ ወደሚቀዝፉት ሰዎች ልምጣ፤ ዛሬ ማይክ ያስከፈተኝ የእነሱ ነገር ነው።

አንድ በጋ፣ ማለዳ ላይ፣ ወንዝ ዳር ቦቴውን አቁሞ ፓምፑ እየሳበለት ነው። ሦስት ሰዎች ከታች መጡ። ካያክ ታውቃላችሁ? ያቺ ብዙውን ጊዜ አንድ ሰው ብቻ የምትይዝ ጠባብ ጀልባ። ሰው ይቀመጥባታል እንጂ አይሸከማትም። እነዚህ ግን ተሸክመዋታል። ውሃው ከማነሱ የተነሳ የጀልባዋ ሆድ ድንጋይ እየነካ አስቸግሯቸው ነው። ከመካከላቸው አንዲት ፀጉሯ የሸበተ ሴትዮ ጀልባዋን አስቀመጠችና ወደ እሱ መጣች።

"ተቆጣችህ?" አልኩት።

"ኧረ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። በቀን ስንት ሊትር ነው የምትወስዱት ብላ ጠየቀችኝ። እኔ የማውቀው ስንት ቦቴ እንደሆነ ነው።"

ከዛ ሴትዮዋ ስልኳን አውጥታ አንድ ግራፍ አሳየችው። የአሜሪካ የጂኦሎጂ ጥናት ተቋም በየወንዙ ላይ መለኪያ ተክሏል። በሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው። ውሃው ምን ያህል ከፍ እንዳለ፣ በሴኮንድ ስንት እንደሚያልፍ በየሰዓቱ ኢንተርኔት ላይ ይወጣል። ማንም ያየዋል። እኛ ጠዋት ተነስተን ፌስቡክ እንደምንከፍተው ቀዛፊ ጠዋት የሚከፍተው ይሄን ነው። ውሃው ካነሰ መቅዘፍ የለም፣ ከበዛ ደግሞ ሞት አለ። ስለዚህ ወንዙን በቁጥር ያውቁታል። የቀነሰበትን ቀን ያውቃሉ፣ የቀነሰበት ምክንያት ዝናብ መጥፋቱ ይሁን ሌላ ነገር፣ ይጠይቃሉ።

ወንድሜም ከዛን ቀን ጀምሮ ግራፉን መክፈት ለመደ። እዛ የገባው ነገር አለ። አንዳንድ በጋ "ዛሬ ሥራ የለም" ይባሉ ነበር። አለቃው ተጣልቶ፣ ደንበኛ ጠፍቶ ይመስለው ነበር። ለካስ የሰስክዌሃና ወንዝ ተፋሰስ ኮሚሽን የሚባል አለ። የወንዙ ውሃ ከተወሰነ መጠን በታች ከወረደ ከዛ ቦታ መሳብ ይከለክላል። የእሱ የቀን ገቢ ከዛ ግራፍ ጋር ታስሮ ነበር። "ግራፉ ሲወርድ እኔም ባዶ እጄን እገባለሁ" አለኝ። እንግዲህ ያ ገንዘብ ነው የአክስቴን ቤት ቆርቆሮ የቀየረው። ይሄን ሳልናገር ባልፍ ውሸታም እሆናለሁ።

አብሽሩ፣ ቀዛፊዎቹን ጀግና ላደርጋቸው አይደለም። ዓይናቸው የማያየው ነገር አለ።

ከጉድጓዱ የገባው ውሃ የተወሰነው ተመልሶ ይወጣል። ሲወጣ ግን የገባው ውሃ አይደለም። ከጥልቁ ድንጋይ ጨው ይዞ ይመጣል፤ ከባህር ውሃ ብዙ እጥፍ የጨመረ ጨው። ባሪየም አለው፣ ብሮማይድ አለው፣ ጨረር የሚያወጣው ሬዲየምም አለው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይሄን ውሃ የከተማ ፍሳሽ ማጣሪያዎች ይቀበሉት ነበር። የከተማ ማጣሪያ የተሠራው ለሽንት ቤትና ለወጥ ቤት ውሃ ነው፤ ጨው ምን ያደርገዋል? ያልፋል። በፈረንጆቹ 2008 መኸር ላይ ሞኖንጋሂላ የሚባለው ወንዝ ውሃው አንሶ ሳለ ጨዉ ከልክ አለፈ። ፒትስበርግ አካባቢ ሰው የታሸገ ውሃ ጠጡ ተባለ። የድንጋይ ከሰል ማዕድን ፍሳሽም ድርሻ ነበረው፣ ሁሉንም በጋዙ ላይ መጫን ልክ አይደለም። በ2011 ሚያዝያ ላይ የክልሉ መንግሥት ለጋዝ ቆፋሪዎቹ "ወደነዚህ ማጣሪያዎች መውሰድ አቁሙ" አላቸው።

ከዚህ የባሰው ደግሞ ብላክሊክ ክሪክ የሚባል ጅረት ነው። እዛ የዚህ ዓይነት ውሃ የሚያጣራ ፋብሪካ ነበር። አጣርቶ ነው የሚለቀው። በ2013 የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ፋብሪካው ከሚለቅበት ቦታ በታች ያለውን ደለል መረመሩ። ሬዲየሙ ከላይኛው ክፍል 200 እጥፍ ገደማ ሆኖ አገኙት። ውሃውን ብታዩት ውሃ ነው። ቀዛፊ በላዩ ሲያልፍ ፊቱን ይረጨዋል፣ ይስቃል፣ ያልፋል። ሬዲየም አይታይም። ለዚህ ላብራቶሪ ያለው ሰው ያስፈልጋል፣ ያውም ዝም የማይል።

ሌላም ነገር ልበል። ጎረቤቱ ደላዌር የሚባለው ወንዝ ነው። እዛም ማርሴለስ ከስሩ አለ፣ እዛም ታንኳ የሚቀዝፈው ሕዝብ ብዙ ነው። በ2021 የካቲት ላይ የአራት ክልሎች ተወካዮች ያሉበት ኮሚሽን በተፋሰሱ ውስጥ ፍራኪንግን ሙሉ በሙሉ ከለከለ። ሰስክዌሃና ላይ ግን ቁፋሮው ቀጥሏል። ልዩነቱ ምንድነው? ከደላዌር ከ13 ሚሊዮን በላይ ሰው ይጠጣል። የኒውዮርክ ከተማ ውሃ ግማሽ ያህሉ ከዛ ተፋሰስ ነው። እኔ በበኩሌ ቀዛፊዎቹ ብቻቸውን ያሸነፉ አይመስለኝም። ትልቅ ጉሮሮ ያለው ወንዝ ነው የተረፈው።

እና ወንድሜ ድልድዩ ላይ ይሄን ሁሉ ሲያወራኝ እኔ የማስበው ቦርከናን ነው። የቦርከና ጉሮሮ የማን ነው?

ቦርከና ከኩታበር በኩል ተነስቶ በደሴ አድርጎ ኮምቦልቻ ይወርዳል፣ በከሚሴ በኩል ጨፋን አጠጥቶ ወደ አዋሽ ነው የሚሄደው። ይገርማችኋል፣ አዋሽ ላይ በፈረንጆቹ 1973 ወጣት አሜሪካውያን በጎማ ጀልባ ቀዝፈውበታል። ድርጅታቸውን ሶቤክ አሉት፣ በጥንቱ የግብፅ የአዞ አምላክ ስም። ከዛ ኦሞን ወረዱ። እኛ በልጅነታችን ጀልባ ያየነው ሐይቅ ላይ ብቻ ነው። ቦርከና ላይ ለመዝናናት የሚቀዝፍ የለም። በጋ ላይ ምኑ ይቀዘፋል?

እኛ ሰፈር ጋዝ የለም። ጋዙ ሶማሌ ክልል ነው፣ ካሉብና ሂላላ፣ ከተገኘ 50 ዓመት አልፎታል። ሼልም አይደለም፣ የማርሴለስን ታሪክ እንዳለ አንስቶ እዛ መለጠፍ አይቻልም። ግን የእዛ ግመል አርቢ ውሃው ሲቀየር የሚያሳየው ግራፍ አለው ወይ ብዬ መጠየቄ አልቀረም። እኛ ያለን ፋብሪካ ነው። ኮምቦልቻ ላይ ወደ ቦርከና የሚገቡትን ጅረቶች ተመራማሪዎች ለክተው ክሮሚየምና ሌሎች ብረቶች ጽፈዋል። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ነው፣ ጅረቱ ዳር ያለ ሰው አላነበበውም።

ከድልድዩ ወርደን ዳሩን ይዘን ሄድን። አንዲት እናት ብርድ ልብስ እያጠቡ ነው። ሰላም አልናቸው። ወንድሜ ያቺ ሴትዮ የጠየቀችውን ዓይነት ጥያቄ ጠየቃቸው። "እማማ፣ ውሃው ሁልጊዜ እንዲህ ነው?"

ቀና እንኳን አላሉም። "አሁን ደህና ነው። ቀለሙ የሚመጣው ከመግሪብ በኋላ ነው። ጁምዓ ጁምዓ አይመጣም። ማክሰኞ ይብሳል።"

ከየት እንደሚመጣ ጠየቅናቸው። በአገጫቸው ወደ ላይ አመለከቱ፣ ወደ የቱም ሊሆን ይችላል። ስንት ጊዜ ሆነው? "ይህችን ድንጋይ ከያዝኩ ሦስተኛዬ ነው" አሉ። ድንጋይ ያሉት የሚያጥቡበትን ነው። የመጀመሪያው ከታች ነበር፣ ውሃው እጃቸውን ሲያሳክካቸው ወደ ላይ ወጡ። ከዛም ወጡ።

ወንድሜ ስልኩን አውጥቶ የነገሩንን ቀንና ሰዓት ጻፈው። ምን ሊያደርግበት እንደሆነ አልጠየቅኩትም።

አሁን ክረምት ነው፣ ቦርከና ሞልቶ ቡናማ ሆኗል፣ ማክሰኞን ከጁምዓ መለየት አይቻልም። ትናንት አክስቴ ስትደውል ሴትዮዋን አይታቸው እንደሆነ ጠየቅኳት። አይታቸዋለች። ውሃው ድንጋያቸውን ውጦት ልብስ የሚያጥቡት ቤታቸው በጀሪካን ነው አለችኝ።